አፈር ያልነካው ቱቦ

ሰውየው ስም ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም። መታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ሚስቱም በሕይወት ሳለች በስሙ ትጠራው ነበር። ሌላው ሰው ግን ከጎልማሳነቱ ጀምሮ «ጋሽ ሚዛን» ነው የሚለው። ሥራው በረዶ መመዘን ነው። «በረዶ ደግሞ ምን ይመዘናል? ሽንኩርት ነው?» ብሎ ያልቀለደበት ሰው የለም። እሱም ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረው። «ሽንኩርት ቢበዛ ያስለቅስሃል፤ በረዶ ግን ያሰጥምሃል» ይል ነበር።

እውነቱን ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው ተራራ ሥር ነው፤ በተራራውና በከተማዋ መካከል ግድብ አለ። በብርዱ ወራት ተራራው ላይ የተከመረው በረዶ ሙቀት ሲመጣ ይቀልጥና ወደ ግድቡ ይወርዳል፤ ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ የምትጠጣው እሱን ነው። የግድቡ ሰዎች ጭንቀት ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዘንድሮ ከላይ የሚመጣው ውሃ ምን ያህል ነው? ብዙ ከሆነ አስቀድመው በሩን ከፍተው ቦታ ማዘጋጀት አለባቸው፤ አለዚያ ግድቡ ሞልቶ የወንዝ ዳሩን ሰፈር ይዞት ይሄዳል። ትንሽ ከሆነ ደግሞ ያለችውን ጠብታ ሁሉ መያዝ አለባቸው፤ አለዚያ በሙቀቱ ወራት ቧንቧው ይደርቃል። ይህን ለማወቅ የበረዶውን ውፍረት ማየት ብቻ አይበቃም። አዲስ የወረደ በረዶ እንደ ተነደፈ ጥጥ ነው፤ ሜትር ሙሉ ቆሞ ሲቀልጥ አንድ ስንዝር ውሃ አይሞላም። የሰነበተው ግን ተጫጭኖ ይከብዳል። ስለዚህ መመዘን አለበት።

የጋሽ ሚዛን መሣሪያ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ ረጅም የአሉሚኒየም ቱቦ ነበር። አራት ቦታ ይፈታታል፤ በጀርባ ይታዘላል። ቱቦውን እያዞረ መሬት እስኪነካ በረዶው ውስጥ ይሰካዋል፤ ያወጣውና በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዝነዋል፤ የባዶውን ቱቦ ክብደት ይቀንሳል፤ የቀረው ውሃ ነው። አንድ ሕግ ብቻ አለ። ቱቦው ሲወጣ ጥርሱ ላይ ትንሽ አፈር ይዞ መውጣት አለበት። አፈር ከያዘ እስከ መሬት ደርሷል፤ ካልያዘ በረዶው መሃል ነው የቆመው፤ ቁጥሩም ከንቱ ነው። መመዝገቢያው ቅጽ ላይ «አፈር፦ አለ / የለም» የምትል መስመር አለች። ከግርጌው ሁለት የፊርማ ቦታ አለ፤ አንዱ «መዛኝ»፣ ሌላው «ያረጋገጠ» ይላል።

«አፈር ያልነካ ቱቦ ምስክር አይሆንም» እያለ ነበር አንዲት ልጁን ያስተማራት። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ተራራ ይዟት ይወጣ ነበር። ልጅቱ አደገች፣ ተማረች፣ በመጨረሻም ከተማው ውስጥ የውሃ ትንበያ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። የእሷም ሥራ በረዶ መመዘን ነው፤ ልዩነቱ በሳተላይት መሆኑ ነው። ሳተላይቷ ከሰማይ ላይ ሆና ራዳር ትልካለች፤ በረዶው በታትኖ የሚመልሰውን ትቀበላለች፤ ልጅቱ ከዚያ ተነስታ ተራራው ሁሉ ስንት ውሃ እንደተሸከመ ትገምታለች። ጋሽ ሚዛን በልጁ ኮርቶ የማያውቅ ሰው አይደለም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ያሰለቸው ይኸው ወሬ ነው። ግን ሳተላይቷ ስትመጣ ድሮ ዘጠኝ የነበሩት መዛኞች አንድ በአንድ ተሰናበቱ። እሱ ብቻ ቀረ። ጓደኞቹ ሲጠይቁት «እኔማ ለወጉ ያህል ነው ያስቀመጡኝ፤ ሥራውን ከላይ ያለችው ትሠራዋለች» ይላቸው ነበር። እየሳቀ ይበለው እንጂ ያምነው ነበር።

የመከራው ሁሉ መነሻ ይህ እምነት ነው።

የሚመዝነው ሁለት ቦታ ነበር። ታችኛው ጣቢያ ተራራው ወገብ ላይ ካለችው ጎጆ ጀርባ ነው፤ እስከ ጎጆዋ መኪና ይደርሳል። ላይኛው ጣቢያ ለመድረስ ግን ከጎጆዋ ተነስቶ በበረዶ ጫማ አንድ ሰዓት ተኩል ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ወጥቶታል። በነዚያ ሃያ ስድስት ዓመታት የላይኛው ውሃ ከታችኛው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል እንደሚሆን በቃሉ አጥንቶታል። ታዲያ ሚስቱ በሞተች ዓመት ጉልበቱ እንቢ አለው። ቢያንስ ለራሱ የሚነግረው እንዲያ ነው፤ ጉልበቴ ነው ይላል። የታችኛውን ይመዝናል፤ ጎጆዋ ውስጥ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል፤ በአንድ ከግማሽ ያባዛል፤ ለላይኛውም ይጽፋል። እንዳይታወቅበት አንዳንዴ ትንሽ ይጨምራል፣ አንዳንዴ ትንሽ ይቀንሳል፤ እንደ ወጥ ጨው። «አፈር፦ አለ» የምትለውንም ዓይኑን በጨው አጥቦ ያከብባታል። ዘንድሮን ጨምሮ አራት የበረዶ ወቅት እንዲህ አለፈ። ማንንም አልጎዳሁም፣ ከላይ ያለችው ሁሉን ታያለች፣ እያለ ይተኛ ነበር።

በዚህ ዓመት፣ አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ልጁ ቤቱ መጣች። እሑድ እሑድ ትመጣለች። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ከመስኮቱ ሥር ተለጥፏል፤ ከመስኮቱ ወዲያ የወንዝ ዳሩ ሰፈር ጣሪያዎችና ሰገነት ላይ የተሰጣ ልብስ ይታያል። የድንች ሾርባ ሠርቶ ነበር። ልጅቱ ኮቷን ሳታወልቅ ሳቀች።

«አባዬ፣ በአንተ የተነሳ ከአለቃዬ ጋር ልንጣላ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«ምንም። ልክ መሆንህ ነው ጥፋትህ።» ቁጭ ብላ ዳቦ ቆረሰች። «ሳተላይቷ ዘንድሮ ላይኛው ተራራ ላይ ጉድ ነው የምታሳየው። አንተ ባለፈው ሳምንት አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውሃ ብለህ ሰጥተኸናል፤ እሷ ወደ መቶ ተጠግታለች። አለቃዬ ደነገጠ። ሐሙስ ስብሰባ አለ አይደል? የግድቡ በር ይከፈት እንበል አለኝ። ሞቼ እገኛለሁ አልኩት!»

«ለምን?»

«እንዴ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያው ናት እኮ! እሷ ከፍ ታደርጋለች፣ አንተ ዝቅ። በየዓመቱ በአንተ ቁጥር ነው የማቃናት። የአራቱን ዓመት ሠንጠረዥ ፊቱ ዘርግቼ፣ "ጋሽ ሚዛን ከሳተላይቷ ጋር ሲለያይ የተሳሳተችው እሷ ናት" አልኩት። ተቀበለኝ።»

ጋሽ ሚዛን ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ እኮ… እሷ ሁሉን ታያለች ብዬ…»

«ማን? ሳተላይቷ?» ልጅቱ በሳቅ ፈነዳች። «ብቻዋን ዕውር ናት፣ አባዬ! በረዶው ትንሽ ሲረጥብ ትሳሳታለች፣ ዛፍ ሲሸፍነው ትሳሳታለች። መሬት ላይ በተመዘነ ነገር ካላቃኗት ዝም ብላ ትቀባጥራለች። የቀረን መዛኝ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ያለ አንተ ምንም ናት፤ እኔም ምንም ነኝ።»

ክው አለ። አራት ዓመት እሱ በሳተላይቷ ተማምኖ ምድጃ ሥር ተቀምጧል፤ ሳተላይቷ ደግሞ ለካ የተደገፈችው በእሱ ትከሻ ላይ ነው። ተደጋግፈው እንደሚሄዱ ሁለት ሰካራሞች ነበሩ፤ መሃላቸው የምትሄደው ደግሞ ልጁ ናት። ሌላም ነገር ትዝ አለው። በዚህ ዓመት ብርዱ መሃል ላይ ጎጆዋ አካባቢ ሁለት ጊዜ ዝናብ ጥሏል። ዝናቡ የታችኛውን በረዶ አጥቦ አሳንሶታል። ከላይ ግን ብርድ ነው፤ ያው ደመና እዚያ የጣለው በረዶ ነው። ይህን በዓይኑ አይቶ፣ የሳሳውን የታች በረዶ መዝኖ፣ ሃያ ስምንት አግኝቶ፣ በአንድ ከግማሽ አባዝቶ አርባ ሁለት ብሎ ጽፏል። የዚያን ዕለት ትንሽ ከብዶት ነበር፤ ግን ያለፉትም ከብደውት ቀልለዋል።

«ሐሙስ ምን ይወሰናል?» አለ፤ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ለራሱ ተሰማው።

«በሩ እንደተዘጋ ይቆያል። ባለፈው ሙቀት ውሃ ሲጠፋ ሰዉ እንዴት እንደሰደበን ታውቃለህ። አንዲት ጠብታ አትለቀቅም።»

በመስኮቱ ወደ ወንዝ ዳሩ አየ። አንዲት ሴት ሰገነቷ ላይ አንሶላ ታጣጥፋለች።

«ሚጢዬ…»

«አቤት አባዬ?»

ልጁ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ያለው ኩራት ምላሱን አሰረው። ስለ እሱ ብላ ከአለቃዋ ጋር ልትጣላ የደረሰችበትን፣ ደረቷን ነፍታ የተናገረችውን አሰበ።

«ሾርባው… ጨው አንሶታል» አለ።

«ደህና ነው፤ ብላ» አለችው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የጋሽ ሚዛን ግን ከእሑድ እስከ ማክሰኞ እያደር ከበደ። ሰኞ ስልኩን አምስት ጊዜ አንስቶ አምስት ጊዜ መለሰው። ማክሰኞ አንድ ብልሃት መጣለት፤ ብልሃት ከተባለ። ሄጄ እውነተኛውን ልመዝን፤ ትክክለኛውን ቁጥር ይዤ ብመጣ የአራት ዓመቱን ማን ይጠይቀኛል? ሰው ይሳሳታል፤ ደግሜ ለካሁ እላለሁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ይህን ካሰበ በኋላ ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰ።

ረቡዕ በማለዳ የመንገድ ጠራጊው ሾፌር ከፊት አካፋ ባለው ትልቅ መኪናው ወደ ጎጆዋ ይዞት ወጣ። ሾፌሩ የዕድሜ እኩያው ነው፤ አፉ አያርፍም።

«ባለፈው ሳምንት መዝነህ አልነበር እንዴ? በረዶው ክብደት ቀንሻለሁ ብሎ ደወለልህ?»

«ዛሬ ላይኛው ጋ ነው የምወጣው።»

ሾፌሩ መኪናውን ቀዝቀዝ አደረገና ዞር ብሎ አየው። «ላይ ድረስ? አንተ? አራት ዓመት ሙሉ ከጎጆዋ ጀርባ አልፈህ አታውቅም።»

ጋሽ ሚዛን ደነገጠ። «ታውቅ ነበር?»

«ዱካ እኮ አለ፣ ወንድሜ። በረዶ ላይ የሄደና ያልሄደ ሰው ይለያል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«የእኔ ሥራ መንገድ መጥረግ ነው» አለ ሾፌሩ፤ ትከሻውን ነቀነቀ። «ደግሞ ሳተላይት አለ እየተባለ አንተ ብትወጣ ባትወጣ ምን ይለውጣል ብዬ ነው።»

ጎጆዋ በር ላይ አወረደው።

ድሮ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበት የነበረውን ዳገት ሦስት ሰዓት ተኩል ወሰደበት። ጉልበቱ በየእርምጃው እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ቆሞ ይተነፍሳል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ላቡ ጀርባው ላይ ይቀዘቅዛል። ላይ ሲደርስ ጣቢያውን አጣው። ቦታውን የሚያሳዩ አምስት የብረት ምሰሶዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የሁለት ሰው ቁመት ያህል ናቸው፤ አናታቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ አለ። ቆይቶ አንዱን ቆርቆሮ አየው፤ ከበረዶው በላይ ከእጁ መዳፍ የማይበልጥ ብቻ ብቅ ብሏል። ሌሎቹ ተውጠዋል።

አራቱን የቱቦ ቁራጮች ገጠመ። ሰካ፣ አዞረ፣ ሰካ። ቱቦው ወረደ፣ ወረደ፣ እጀታው በረዶውን እስኪነካ ድረስ ወረደ። ሦስት ሜትር ከሃያ ሙሉውን ዋጠው። አውጥቶ ጥርሱን አየ፤ ነጭ ነው። አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ሰካ፤ ነጭ። ሦስተኛ ቦታ ተንበርክኮ በሙሉ ክብደቱ ተጫነ፤ ነጭ። መዘነው። መሬት ሳይነካ ብቻ መቶ አሥር ሳንቲ ሜትር ውሃ ሆነ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ አይቶ አያውቅም። በረዶው ላይ ቁጭ አለና ከሩቅ፣ ከታች፣ ጥፍር የምታክለውን ግድብ አየ፤ ከእሷም ወዲያ የከተማዋን ጭስ። ጓንቱን አወለቀ።

ስልኩ እዚያ ይሠራል። ደወለ።

«ሚጢዬ፣ ላይኛው ጣቢያ ነኝ።»

«የት? ማን ውጣ አለህ? በዚያ ጉልበትህ!»

«ስሚኝ። ደግሜ መዝኛለሁ። መቶ አሥር።»

የወንበሯ ጎማ ሲንቀሳቀስ ሰማ። «አፈር ይዟል?»

«አልያዘም። ቱቦው አለቀ፤ መሬት አልነካም።»

«አባዬ፣ ባለፈው ሳምንት አርባ ሁለት ነው ያልከው። አፈር አለ ብለሃል።»

«ተሳስቼ ነው።»

የኮምፒዩተሯን ቁልፎች ስትነካካ ተሰማው። «እሺ፣ አስገባዋለሁ። ግን ለነገው የሚለውጠው ነገር የለም።»

«እንዴት አይለውጥም? መቶ አሥር እያልኩሽ!»

«ስሌቱ እኮ የሚያየው አራቱን ዓመት ነው። አራት ዓመት አንድ ዓይነት ሆኖ አንድ ቀን እጥፍ ከበለጠ፣ ያን አንድ ቀን እንደ ስህተት ቆጥሮ ይጥለዋል። እንዲያ አድርጌ የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ በአንተ ስለማምን። አፈር የሌለውን ደግሞ ከነጭራሹ አይቀበልም። አይዞህ፣ አሁን ቀስ ብለህ ውረድ።»

ብልሃቱ እዚያው በረዶው ላይ ቀረ። ጋሽ ሚዛን ዓይኑን ጨፈነ። አንዷን እውነት እንዲቀበሉት አራቱን ዓመት መጣል አለባቸው፤ አራቱን ዓመት እንዲጥሉ ደግሞ እሱ ራሱ መውደቅ አለበት። ሌላ መንገድ ፈለገ። አልነበረም።

«አራቱን ዓመት ጣይው» አለ።

«ምን?»

«ውሸት ነው። ላይኛው ጣቢያ አራት ዓመት አልወጣሁም። የታችኛውን በአንድ ከግማሽ እያባዛሁ ነው የሰጠሁሽ።»

ከወዲያ በኩል የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ ስለ ምሳ ያወራል።

«ቅጹ ላይ ያለው አፈርስ?» አለች በመጨረሻ።

«እሱም።»

«ሳይመሽብህ ውረድ» አለችና ዘጋችው። አባዬ አላለችውም።

ሐሙስ የሆነውን ኋላ የነገረው የልጁ አለቃ ነው። ቱቦውን ለመረከብ ራሱ መጣ፤ ሌላ ሰው መላክ ይችል ነበር። ሊቀመጥ አልፈለገም፤ በሩ ላይ ቆሞ ነው የተናገረው።

«ልጅዎ እርስዎን ሊከላከሉ ይሆናል ብዬ ነበር ስብሰባው የገባሁት» አለ። «አልተከላከሉም። ተነሱና "የምናቃናበት ቁጥር ሐሰት ነው፤ የተቀበልኩትም እኔ ነኝ፤ በሩ ዛሬ ይከፈት" አሉ። ሰው ሁሉ እያያቸው።»

«ልጄን አንቱ ነው የሚሏት?»

«ከሐሙስ ወዲህ ነው» አለ አለቃው። ቱቦውን ብብቱ ሥር አድርጎ ደረጃውን ወረደ።

የግድቡ በር በዚያው ሐሙስ ተከፈተ። ከታች ያሉት ገበሬዎች ማሳችን ራሰ ብለው ተራገሙ፤ የከተማው ሰው «ውሃ ያባክናሉ» ብሎ ተሳደበ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙቀቱ ድንገት መጣ፤ በላዩ ላይ ሁለት ቀን ሞቅ ያለ ዝናብ ዘነበ። ጋሽ ሚዛን በነዚያ ሁለት ቀናት ከመስኮቱ አልተነሳም። ወንዙ ደፈረሰ፣ አበጠ፣ የምድር ቤቶች ውሃ ገባቸው፣ የአንድ ሰው መኪና ተወሰደ። ግድቡ ግን ከአፉ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሰው አልሞተም። ሴትየዋም አንሶላዋን መልሳ ሰገነቷ ላይ አሰጣች። ያልደረሰበትን አደጋ የሚያመሰግን ሰው የለምና ከተማው ሁሉን በሳምንቱ ረሳው።

እሱን በጡረታ አሰናበቱት፤ ያለ ጭብጨባ። ልጁን ከሁለቱ ኮምፒዩተሮቿ አንስተው መዝገብ ቤት አስገቧት፤ የአራቱን ዓመት ወረቀት አንድ በአንድ እንድታጣራ። እሑድ መምጣቷ ቀረ። ሰባት እሑድ ሁለት ሳህን አስቀምጦ በአንዱ በላ። ሾፌሩ አንድ ቀን ሊያጽናናው መጥቶ «ልጅ እኮ ነች፣ ይበርድላታል» አለው። በረዶ ስለሚቀልጥ ሁሉ ነገር ይቀልጣል የሚመስለው ሰው ነው።

በስምንተኛው እሑድ በሩ ተንኳኳ። ልጁ ናት፤ ወፍራም የወረቀት ማኅደርና ቀይ እስክሪብቶ ይዛለች። ከስታለች።

«ለሪፖርቱ ነው የመጣሁት» አለች። «የትኛው እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ ራስህ ካልነገርከኝ ማወቅ አልችልም።»

ሾርባ ልስጥሽ ሊላት ፈልጎ ፈራ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ጀመረች። ቀኑን ታነባለች፤ ቁጥሩን ታነባለች፤ እሱ ይመልሳል።

«ታችኛው ጣቢያ፣ ሃያ ስምንት።»

«እውነት።»

«ላይኛው፣ አርባ ሁለት።»

«ውሸት።»

ቀዩ እስክሪብቶ ይሰርዛል። ቀጣዩ ወረቀት። እውነት፣ ውሸት፤ እውነት፣ ውሸት። አሥራ ስድስት ወረቀት ነበር። በአሥረኛው ላይ ውሃ ጠጣ። እሷ ፊቷን ከወረቀቱ አላነሳችም። በመጨረሻ ከሥር የነበረችው አንድ ወረቀት ቀረች፤ ጠርዟ ቢጫ ሆኗል።

«የመጀመሪያው ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

ቀኑን ልታነብ አፏን ከፈተችና ተወችው። እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ሚዛን ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጁን አየ። ከዚያ ወረቀት በፊት ጉልበቱ ደህና እንደነበር ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ለራሱም ቢሆን አራት ዓመት ሙሉ ጉልበቴ ነው ሲል ኖሯል።

«ያን ቀን ሆስፒታል ነበርክ» አለች።

«አዎ።»

«አንተ በበሩ በኩል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል። እማዬን መሃል አድርገን።»

«አዎ። ከቀብሩ በኋላ ቤት ስገባ ቅጹ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ባዶ ትቼ አላውቅም። እንደሌሎቹ ይሁን ብዬ… ሞላሁት። እንዲያው እጄ ሞላው።»

ልጅቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈች፤ «ያረጋገጠ» የሚለው ላይ።

«ይቺ የእኔ ፊርማ ናት» አለች። «ሥራ የተመለስኩ ቀን ያስገባሁት ነው። ቀኑን አይቼዋለሁ፣ አባዬ። አይቼ ቆም ብዬ ነበር።»

ቀና ብሎ አያት። በስምንት ሳምንት ውስጥ አባዬ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው።

«ታዲያ?»

«በማለዳ ደርሶ ተመልሶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።»

«ሌሊቱን አብረን ነው ያደርነው።»

«አውቃለሁ።»

ማሞቂያው ጥግ ላይ ይንጣጣል።

«ያኔ ደውዬልህ ቢሆን» አለች። «ደውዬ፣ "አፈር ይዟል?" ብዬህ ቢሆን?»

ዋሽቶ ሊያሳርፋት ይችል ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ በውሸት ደግሞ አራት ዓመት ሠልጥኗል።

«እነግርሽ ነበር» አለ። «ሦስት ቀን ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ጠብቄሻለሁ።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ቀዩን እስክሪብቶ አንስታ የሁለቱንም ጣቢያ ቁጥር ሰረዘች፤ «አፈር፦ አለ» የሚለውን ሰረዘች። ከዚያ ወደ ግርጌው ወረደችና የራሷን ፊርማ ሰረዘችው።